የወንድሜ ልጅ ሚኒስትሪ አለፈች፤ ወንድሜ ግን ሊድራት ነው። ጥናቱ ምን ይላል?

ወለላ (ሐሙስ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈትና አለፈች። 15 ዓመቷ ነው። የሚኖሩት ጎጃም፣ ገጠር ነው። 9ኛ ክፍል ያለው ወረዳው ከተማ ላይ ብቻ ነው፤ በእግር አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ስለዚህ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለሰች ስንቅ ወስዳ መማር አለባት። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን በከረጢት ተሸክሜ ያንን ዳገት ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ።

አሁን ለልጅቷ ሽማግሌ ተልኳል። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳታል። ስልክ ላይ ያለኝ ይሄን ነው፦ «ከተማ ብቻዋን ሆና ብታረግዝብኝስ? ደግሞስ 10ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡትን አላየሽም?» እኔም «ጋሼ፣ የተማረች እናት እኮ ልጆቿም ጤነኛ ይሆናሉ» አልኩት። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ልንገራችሁ። «ሴት ልጁን የሚያስተምረው ቀድሞም ደህና ቤት ያለው ነው። ልጁን ያሳደገው ወተቱ ነው እንጂ ደብተሩ አይደለም።»

ዝም አልኩ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥናት አላነብም። የማውቀው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። ምንም ያልተማሩ ሴቶች በአማካይ 5.7 ልጅ ይወልዳሉ፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት ደግሞ 1.9። ግን ይሄ ለጋሼ መልስ አይሆነውም። ትምህርቱ ነው ወይስ ቤቱ? ይህን ለይቶ ያጠና ሰው አለ? እሁድ ልደውልለት ነው።

ሚዛን (ሐሙስ ማታ)

ወለላ፣ ወንድምሽ ያነሳው ነገር ኢኮኖሚስቶችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ተማሪ አላጣም፤ ሲጠየቅ ደስ ይለኛል።

የተማረችን ሴት ካልተማረች ጎን አቁሞ ማወዳደር አይበቃም። የተማረችው አባቷ ከብት ነበረው ይሆናል። ቤታቸው ለመንገድ የቀረበ ይሆናል። የሚያስፈልገው ቤቱም፣ አባቱም፣ ሰፈሩም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በአጋጣሚ ብቻ አንዷ የተማረችበት፣ ሌላዋ የቀረችበት ሁኔታ ነው።

እንዲህ ያለው አጋጣሚ እዚሁ አገራችን ተፈጥሯል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ። እስከ 10ኛ ክፍል የሚከፈለው ክፍያ ቀረ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። ለትምህርት የሚመደበውም በጀት አደገ። እንግዲህ በዚያ ጊዜ ዕድሜዋ ለትምህርት የደረሰችውንና ጥቂት ዓመት የቀደመቻትን ልጅ አስቢ። አገሩ አንድ፣ ድህነቱ አንድ። ለአንዷ ደረሰላት፤ ሌላዋን አለፋት። የለያቸው የተወለዱበት ዓመት ነው።

ኤሊና ፕራዳን እና ዴቪድ ካኒንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህን ሁለት ትውልዶች አነጻጸሩ። ፖሊሲው የደረሰላቸው ሴቶች የበለጠ ተምረዋል። በዚህ ምክንያት የተጨመረው እያንዳንዱ የትምህርት ዓመት፣ ሃያ ሳይሞላት የመውለድ ዕድሏን በ7 ነጥብ፣ የማግባት ዕድሏን በ6 ነጥብ ቀንሶታል። ከ100 ልጃገረዶች ሰባቱ ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ።

ለአንቺ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የጋና ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ያለፉ፣ ግን መክፈያ ያጡ 2,064 ልጆች ተመዘገቡ። በዕጣ 682ቱ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኙ። ዕጣ ነው፤ «ቀድሞም ደህና ቤት ነበራቸው» አይባልም። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስ እና ማይክል ክሬመር ለዓመታት ተከታተሏቸው። ዕጣው የወጣላቸው ሴቶች ቶሎ አላረገዙም። በኋላ የወለዷቸውም ልጆች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውና የአእምሮ ዕድገታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

የወንድምሽ ልጅ ልክ እንደ እነሱ ናት። አልፋለች። የቀረው መሄድ ነው።

ጤና_ኬላ (ዓርብ ጠዋት)

ወለላ እህቴ፣ «10ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ» ለሚለው እኔ አለሁልሽ። 10ኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆንኩ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ባይኖሩ ኖሮ ማንን ያሠለጥኑ ነበር? ከ30 ሺህ በላይ ሆነናል። ለአንድ ቀበሌ ሁለት። ያ ሁሉ ቤት ለቤት የተሰጠ ምክርና ክትባት የመጣው ከእነዚያ ልጃገረዶች ደብተር ነው።

አሁን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ወሎ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ሁለት እናቶች ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ይዘው መጡ። ጎረቤታሞች ናቸው። ለሁለቱም ለምለም ሰጠኋቸው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነገርኳቸው፤ ሙሉውን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ። አንደኛዋ እስከ 4ኛ ክፍል ተምራለች። ፓኬቱን ገልብጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ «አንድ ሊትር ስንት ነው?» አለችኝ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አሳየኋት። ሁለተኛዋ አልተማረችም። በደንብ ሰማችኝ፣ ደግማም ነገረችኝ።

በማግሥቱ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለተኛዋ ሙሉውን ፓኬት በአንድ ኩባያ ውኃ በጥብጣዋለች። «ልጁ ብዙ አይጠጣልኝም፤ መድኃኒት ደግሞ ሲበረታ ያሽራል ብዬ ነው» አለችኝ። ያ ሁሉ ጨው ለሕፃን አደገኛ ነው። ወዲያው አስደፋኋት። ሴትዮዋ ቸልተኛ አይደለችም። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ልጇን ከማንም በላይ ትወዳለች። የጎደላት ማታ ላይ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ፓኬቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ሁለቱም ቤት ላም አልነበረም።

ጠያቂ (ዓርብ ከሰዓት)

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል። የምትቆጥሩት ዓመት ነው። ዓመት ደግሞ ትምህርት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘና ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። እኔ መምህር ነኝ፤ ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው። ለልጅቷ «ተማሪ» ስንል ምን እያቀረብንላት ነው? አባትየውስ «ምን ተጠቀሙ» ቢል ይፈረድበታል?

ሌላም አለ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1947 ግዴታ የሆነውን የትምህርት ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አደረጉ። በ1972ም ወደ 16። ዴመን ክላርክ እና ሄዘር ሮየር የሁለቱንም ውጤት መረመሩ። በሞት መጠን ላይ ለውጥ አላገኙም። አንድ ዓመት ተጨማሪ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ዕድሜ አላረዘመም።

ሚዛን (ዓርብ ማታ)

መምህር፣ ይህን ስላነሱልን አመሰግናለሁ። ያሉት ቁጥርም ልክ ነው። ለእኔ ነገሩ የሚፈታው ሁለት መንገዶችን ስንለይ ነው።

አንደኛው በትምህርት ቤት *መቆየት* ነው። ልጅቷ 9ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነች ሽማግሌው «እስክትጨርስ» ይባላል። ሙሽራ ሳትሆን፣ ነፍሰ ጡር ሳትሆን 16ን፣ 17ን፣ 18ን ታልፋለች። መምህሩ ቢደክምም ባይደክምም ይሄ ይሠራል። በ15 ዓመት መውለድ ደግሞ ለእናትየውም ለልጁም አደጋ ነው። ያ የ7 ነጥብ ቅናሽ ዋና ክፍሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሁለተኛው *ማንበብ* ነው። የልጅ ጤና የሚለወጠው በዚህ ነው። ፖል ግሉ ሞሮኮ ውስጥ ያጠናው ትዝ ይለኛል። የእናት ትምህርት የልጅን ጤና ለምን እንደሚያሻሽል ሲመረምር መልሱ የጤና ዕውቀት ሆነ። ደግሞ ያንን ዕውቀት እናቶቹ በቀጥታ ከክፍል አላገኙትም። ትምህርት ቤት የሰጣቸው ማንበብና ቁጥር ነው። በዚያ ተጠቅመው የጤናውን በኋላ ራሳቸው አገኙት። እህታችን ከወሎ የነገረችን ጣትና ፓኬት ማለት ይሄ ነው። አንድ ታሪክ ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ከጥናቱ ጋር ሲገጥም ብዙ ያስረዳል።

ስለዚህ መምህር፣ ጥራቱ ሲወድቅ የሚሰበረው ሁለተኛው መንገድ ነው። የመጀመሪያው ግን ይጸናል። ሁለቱንም ብናገኝ እንዴት በታደልን።

የእንግሊዙን በተመለከተ፣ እስከ 14 ዓመት ዕድሜው የተማረ እንግሊዛዊ ቀድሞም ያነባል። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ሐኪም ቤቱ ለሁሉም በነፃ ተከፍቷል። አንድ ዓመት ቢጨመርለት የሚለወጠው ትንሽ ነው። ዚምባብዌን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ነፃ ሲወጡ የሁለተኛ ደረጃ በር ለጥቁሮች ተከፈተ። በዚያ ምክንያት የበለጠ የተማሩ እናቶች ልጆች የመሞት ዕድላቸው በ21 በመቶ አነሰ። ትምህርት ብዙ የሚሠራው ብዙ በጎደለበት ቦታ ነው።

ናይሮቢ_ነኝ (ዓርብ ሌሊት)

ወለላ፣ የወንድምሽ ዋና ፍርሃት እርግዝናው ነው መሰለኝ። እዚህ ምዕራብ ኬንያ በ328 ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት አለ፤ ያው ሚዛን የጠቀሳቸው ሦስቱ ናቸው ያጠኑት። ለተማሪዎቹ ነፃ ዩኒፎርም ሰጡ። ሌላ ምንም የለም፣ ዩኒፎርም ብቻ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያረገዙት ልጃገረዶች ከ100 ወደ 16 የነበሩት ወደ 13 ወረዱ። «እስክታገቡ ታቀቡ» የሚለው የኤች.አይ.ቪ ትምህርት ብቻውን የተሰጠበት ቦታ ግን እርግዝናው አልቀነሰም።

ደግሞ ዱፓስ ብቻዋን የሠራችው አለ። 8ኛ ክፍል ላሉ ልጃገረዶች 40 ደቂቃ ተሰጠ። የተነገራቸው ከእኩዮቻቸው ይልቅ ትልልቆቹ ወንዶች ምን ያህል በቫይረሱ እንደተያዙ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ እርግዝና በ28 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ አንቺ አክስት ነሽ። አባት የማይነግራትን አክስት ትነግራለች። ከተማ ስትገባ አስቤዛ የሚገዛላት፣ ካርድ የሚሞላላት ትልቅ ሰው እንዳለ ሳትፈሪ ንገሪያት።

የጣና_ዳር (ቅዳሜ ጠዋት)

ጎጃም ስላልሽ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባሕር ዳር ዙሪያ ሞሰቦ የምትባል ቀበሌ አለች። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮባት ነበር። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል። ከወላጆች ጋር ውይይት ይደረጋል። ልጅቷ ሳትዳር ፕሮግራሙን ከጨረሰች ቤተሰቡ አንድ በግ ወይም ፍየል ያገኛል። ሁለት ዓመት አልፎ ሲታይ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ሰፈር ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ሆነ።

እውነቱን ሙሉውን ልናገር፤ ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን እዚያ የበለጠ አግብተዋል። ጋብቻው ገፋ እንጂ አልቀረም። ለእኔ ግን በ12 ዓመቷ ያልተዳረች ልጅ ትልቅ ነገር ናት። የእኔ እናት በ12 ዓመቷ ነው የተዳረችው። የመጀመሪያ ልጇን አላሳደገችውም።

ቤተሰቡ የሚያስበው በበግና በደብተር ዋጋ ነው። ለወንድምሽ ስትደውዪ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ቀድመሽ ንገሪው።

ራሔል_ከእስራኤል (ቅዳሜ ከሰዓት)

ሰላም ከዚህ። ነገሩ ክብ ነው፤ ትምህርት ጤናን ይሠራል፣ ጤናም ትምህርትን ይሠራል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወጡ። እናቴ በአውሮፕላኑ ወለል ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ያ ፅንስ እኔ ነኝ።

ቪክቶር ላቪና ባልደረቦቹ በዚያን ቀን ነፍሰ ጡር የነበሩትን እናቶች ልጆች ተከታተሉ። ማን በስንተኛ ወሯ እንደምትደርስ የመረጠ ሰው የለም፤ አውሮፕላኑ ነው የወሰነው። በእርግዝናቸው መጀመሪያ ወራት የደረሱት እናቶች ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ክፍል መድገማቸው ቀነሰ። በባግሩትም፣ ማለትም በእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ የተሻለ ውጤት አመጡ። ቶሎ የተሻለ የሕክምና ክትትልና ምግብ ስላገኙ ነው።

እናቴ ፊደል አትለይም ነበር። ጢፓት ሐላቭ፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ፣ ስትሄድ የተሰጣትን ወረቀት ሁሉ በመሀረብ ቋጥራ ታስቀምጥ ነበር፤ አንድ ቀን የሚያነብላት እስኪመጣ። ያ አንባቢ ስድስት ዓመቴ ሲሞላ እኔ ሆንኩ። ለልጅቷ ይህን ንገሪልኝ።

እህተ_ማርያም (ቅዳሜ ማታ)

እኔ 8ኛ ክፍል ጨርሼ ነው ዓረብ አገር የወጣሁት። ሽማግሌውን ሸሽቼ። የጓጓሁለት ነገር የለም፤ መንገዱ ያ ብቻ ስለነበረ ነው። አሁን ታናሽ እህቴን ከተማ ቤት ተከራይቼላት 11ኛ ክፍል ናት። ስደውልላት መጀመሪያ የምጠይቃት ውጤቷን ነው። ወለላ፣ የወንድምሽን ልጅ በሁለቱ በር፣ በትዳርና በስደት፣ ብቻ አትተዉአት።

ጠያቂ (ቅዳሜ ማታ)

ስለ አባቶችም አንድ ነገር ልጨምር። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ61 ሺህ በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠራች። በዚያ ላይ በተሠራ ጥናት፣ የልጆችን ሞት በመቀነስ የአባትና የእናት ትምህርት እኩል ያህል ነው የረዳው። የእናት ትምህርት ጎልቶ የወጣው በጋብቻ ዕድሜና ቶሎ በመውለድ ላይ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ ልጆቻችንም ይማሩ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1997 ግዴታውን ከ5 ወደ 8 ዓመት አሳደገች። ገጠር ያደጉ ሴቶች የበለጠ ተማሩ። ግን አንድ ጥናት እንዳለው፣ ምንም እንኳ አከራካሪ ቢሆን፣ ባሎቻቸው የሚያደርሱባቸው የሥነ ልቦና ጥቃትና የገንዘብ ቁጥጥር ጨመረ። ሴቷን አስተምረን ወንዱን ካለበት ብንተወው ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። ክፍሌ ውስጥ ላሉት ወንዶች ይህን መንገር የእኔ ድርሻ ነው።

ወለላ (እሁድ ማታ)

ደወልኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ አወራን።

ቁጥሮቹን ሁሉ ነገርኩት። ከመቶ ሰባቱን ስነግረው «የቀሩት 93ስ?» አለኝ። ጋሼ ሁሌም እንዲህ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ መጀመሪያውኑ ቶሎ የማይወልዱ እንደሆኑ፣ ሰባቱ ደግሞ በአንድ ዓመት ብቻ የተረፉ እንደሆኑ ነገርኩት። ዝም አለ። የጋናውን በዕጣ መሆኑን ስነግረው ግን አቋረጠኝ። «እንግዲያ ከድሃም ከሀብታምም እኩል ነው የወጣው?» አለ። ሁሉም መክፈያ ያጡ እንደነበሩ ነገርኩት። «እ» አለ። ያቺን «እ» አውቃታለሁ።

ከዚያ ስልኩን ለእናታችን ሰጣት። እማ ስለ ጥናት አልጠየቀችኝም። «ያንቺን ስንቅ ማን ነበር የሚያዘጋጀው?» አለችኝ። «አንቺ» አልኳት። «አሁንም እኔ አለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ «ትቆየን» ተብለዋል። አልቀረም፤ ቆየ ነው የተባለው። ጋሼ የሚከራየውን ቤት ራሱ ካላየ፣ አከራይዋም ሴት ካልሆነች አይሆንም ብሏል። የጎረቤት ልጅም አብራት ትሄዳለች። ኪራዩን እኔ እከፍላለሁ። የጣና_ዳር፣ ቀድሜ የነገርኩት እሱን ነው፤ አመሰግናለሁ።

ልጅቷን አነጋገርኳት። «እትዬ፣ ዩኒፎርሙ ሰማያዊ ነው አይደል?» አለችኝ። የናይሮቢውን ምክር ግን ስልክ ላይ አልነገርኳትም። ለጷጉሜን ስሄድ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የምነግራት።

አሁን ፍራሽና አንድ ምድጃ እየፈለግሁ ነው።

የጣና_ዳር (እሁድ ሌሊት)

ፍራሽ እኔ ጋ አለ፣ ድፍን ያለ ነው። ወረዳውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ማክሰኞ በዚያ የሚያልፍ መኪና አለን።